ባለ ቱርቦ ወይስ ያለ ቱርቦ? መኪናውን ራሱ ለሚጠግን የሰሜን ሸዋ ገዢ የቀረበ ንጽጽር

በሰሜን ሸዋ ያገለገለ የናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ለመግዛት የሚፈልግና ከገዛም በኋላ አብዛኛውን ጥገና በግቢው ውስጥ በራሱ እጅ ለመሥራት ያሰበ ሰው የሚቀርቡለት ምርጫዎች በጥቅሉ ሦስት ናቸው። አንደኛው ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየርን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው 5ኤል ሞተር ያለው ነው፤ ሁለተኛው ይኸው 5ኤል ቱርቦ የተጨመረለት፣ ወይም ገዢው ራሱ ሊጨምርለት ያሰበው ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ቱርቦውን ከፋብሪካ ይዞ የወጣው 2ኬዲ ሞተር ያለው ነው። በሜዳ አገር ለሚኖር ሰው ልዩነታቸው የጉልበትና የዋጋ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ከሁሉ በፊት የከፍታ ጉዳይ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሦስት አራተኛው ያነሰ በመሆኑ፣ አየርን በራሱ መሳብ ብቻ የሚችለው 5ኤል ሊያገኘው ከሚገባው አየር ከሩብ በላይ ጎድሎበት ይሠራል። ይህ 2,986 ሲሲ የሆነና በባሕር ወለል ደረጃ ወደ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር፣ ጭነት ይዞ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዋሻ ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ታሞ ሳይሆን፣ ፖምፓው የሚልከውን ናፍጣ የሚያቃጥል በቂ አየር አጥቶ ነው። 2ኬዲ በአንጻሩ 2,494 ሲሲ ብቻ ሲሆን ጉልበቱ እንደ ዓይነቱ ከ102 እስከ 144 ይደርሳል፤ ስለዚህ ደካማው 2ኬዲና 5ኤል በወረቀት ላይ እኩያ ይመስላሉ። ነገር ግን 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ዋሻ በሚወስደው ዳገት፣ ቱርቦው የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ እኩያነታቸው አይዘልቅም።

በጥገና ቀላልነት ብልጫው ያለ ጥርጥር የ5ኤል ነው። ፖምፓው ሜካኒካል ስለሆነና ኮምፒውተር ስለማይቆጣጠረው፣ ፊልትሮ መቀየር፣ በናፍጣ መስመር የገባን አየር ማስወጣት፣ የጠዋት ማስነሻ ካንዴሌታዎችን መፈተሽ መፍቻና ትዕግሥት ላለው ሰው ሁሉ የሚቻል ሥራ ነው። 2ኬዲ ናፍጣን እስከ 1,600 ባር በሚደርስ ግፊት (አንድ ባር በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል) የሚረጭ በመሆኑ፣ በጀሪካን ከርሞ ውኃ የተቀላቀለበት ነዳጅ ናፍጣውን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ያበላሻቸዋል። ባለቤቱ ቤት ውስጥ ሊያደርግ የሚችለው ፊልትሮውን በጊዜው መቀየርና ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ ነው፤ ኢንጀክተር መለካት የሙከራ ማሽን ያለው ባለሙያ ሥራ ነው።

ስለ ቱርቦው አያያዝ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ገዢዎች ቱርቦን በተፈጥሮው ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ አድርገው ሲሸሹት አያለሁና። ሊያሳስባቸው የሚገባው ዘይቱ ነው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሲሽከረከር የሚሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው፤ ስለዚህ አቧራማ መንገድ ለሚበዛበት መኪና ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን በየ5,000 ኪሎ ሜትር መቀየር እመክራለሁ። ዳገት ጨርሶ የቆመን መኪና ሞተር ወዲያው ማጥፋት፣ በጋለው ዘንግ ዙሪያ የቀረው ዘይት አርሮ ከሰል እንዲሆን ያደርጋል፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ያለ ጋዝ ማቆየት ይበቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ የወፈረው ዘይት እስከ ቱርቦው ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሞተሩ እንደተነሣ ጋዝ መርገጥ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ በደረቁ ማስፈጨት ነው።

2ኬዲ ከዚህ ሌላ ገዢው ሊያውቀው የሚገባ የታወቀ ድክመት አለው። ከኢንጀክተሮቹ ሥር ያሉት የመዳብ ዋሸሮች ሲያረጁ የቃጠሎው ጋዝ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ከሰል ይቋጥራል፣ ከሰሉም በዘይት ቋቱ ውስጥ ያለውን ማጥለያ ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ቱርቦውም የሞተሩ ኩሽኔታዎችም ዘይት ይጠማቸዋል። ቱርቦው ሲሞት መካኒኩ ሌላ ቱርቦ ገጥሞ ማጥለያውን ሳያይ ከሸኘው፣ አዲሱም የቀድሞውን መንገድ ይከተላል። ከመግዛት በፊት የታችኛውን የዘይት ቋት አውርዶ ማጥለያውን ለማየት የሚፈቅድ ሻጭ ከማንኛውም የቃል ዋስትና የተሻለ ዋስትና ሰጥቷል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምርጫ እንምጣ። በ5ኤል ላይ ቱርቦ መጨመር በእኛ ከፍታ መሠረት የሌለው ሐሳብ አይደለም፤ በደብረ ብርሃን የጎደለው ግፊት ወደ 0.28 ባር ስለሚሆን፣ 0.3 ባር ብቻ የሚሰጥ ቱርቦ የፖምፓው ናፍጣ ሳይነካ የጎደለውን ይተካል፣ ጭሱንም ያጠራል። ችግሩ መኪናው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ያው ግፊት ከሚፈለገው በላይ መሆኑ ነው። 5ኤል አየርን ወደ 22 በ1 የሚያምቅና ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የታቀደ ሞተር ስለሆነ፣ የሚጨመርበት ሙቀት በፒስተኑና በቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው የሞተሩ ክፍል) ላይ ያርፋል። ሥራውም ማኒፎልድና ማርሚታ (ጭሱን ከሞተሩ ተቀብለው የሚያስወጡትን ቱቦዎች) በመቀየር አያበቃም፤ ንጹሕ የዘይት መግቢያ መስመር፣ በቋቱ ውስጥ ካለው የዘይት ልክ በላይ የሚገባና ሳይታጠፍ ወደ ታች የሚወርድ መመለሻ፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ ያስፈልጋሉ። ውኃ በደብረ ብርሃን 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ግፊቱን የማይዝ የራዲያተር ክዳን ይዞ ይህን ሥራ መጀመር ቴስታታ ማቃጠል ነው። ብየዳና ልኬት ለሚችል ሰው የሚያስደስት ሥራ መሆኑን አልክድም፤ በሌላ ሰው ግቢ የተሠራውን ገዝቶ መውሰድን ግን አልመክርም። በፋብሪካ ቱርቦ የነበረው አሮጌው 2ኤል-ቲ ሞተርም ቴስታታው በመሰንጠቅ የታወቀ ስለሆነ አማራጭ አላደርገውም።

በ2ኬዲ ላይ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም በማስለወጥ የቱርቦ ግፊት ማስጨመርንም እንዲሁ አልመክርም። በቀጭን አየር ውስጥ ያንኑ ግፊት ለማምጣት ቱርቦው ከቆላው ይልቅ በፍጥነት መሽከርከር ስላለበት፣ በእኛ ዳገት ያለ ጭማሪም ወደ ፍጥነቱ ወሰን ተጠግቶ ይሠራል። ለማሻሻያ የተያዘ ገንዘብ ካለ ጥራት ያለው የአየር ፊልትሮና የቱርቦ ግፊት መለኪያ ይቅደሙ።

እንግዲህ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ አዲስ አበባ በየጊዜው ጭነት ይዞ ለሚመላለስ ሰው፣ ማጥለያው የታየለትና ኢንተርኩለር (ቱርቦው ያመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ክፍል) ያለው 2ኬዲ ይሻለዋል። ነዳጁን ከከተማ በጀሪካን እያስመጣ በመንዝ ወይም በመርሐ ቤቴ ገጠር በዝግታ ለሚሠራ ደግሞ ያልተነካ 5ኤል እመርጥለታለሁ፤ ዳገት ላይ የሚያጣውን ጊዜ ከጋራዥ በመቅረቱ ያገኘዋል። ባለ ቱርቦውን የሚመርጥ ሰው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የአየር ማስገቢያ ቱቦውን ፈትቶ ዘንጉን በጣቱ ይነቅንቅ፤ ወደ ጎን ጥቂት መላወሱ የተለመደ ነው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ወይም ክንፎቹ ግድግዳውን የሚነኩ ከሆነ ግን ቱርቦው አልቋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ሲያሳይ፣ በባለ ቱርቦ መኪና ላይ የሚታይ ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ ከተሰነጠቀ የኢንተርኩለር ቱቦ ይመጣል። በመጨረሻም በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉ በዓይን ይረጋገጥ፤ 5ኤል የነበረው መኪና 2ኬዲ ተገጥሞለት ሊብሬው ካልተስተካከለ ለውጡን የማስመዝገቡ ጣጣ የገዢው ይሆናል።