ለ«የልብ ጥቅል ምርመራ» ከመክፈልዎ በፊት

የ76 ዓመት እናቴ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የግል ላቦራቶሪ ወሰድኋቸው። ሐኪም ሳያያቸው «የልብ ድካምን በደም ብቻ የሚለይ» ለተባለ የሦስት ጊዜ ምርመራ 11,400 ብር ቀድመን ከፈልን፤ ደረሰኙ ግርጌ ላይ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል ማኅተም መኖሩን ያየሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ውጤት 88 ሆኖ «ከ100 በታች ስለሆነ ጤነኛ ናቸው» ተባልን። ከወር በኋላ የመጣው ግን 540 ነበር፤ ውጤቱን የሰጠን ሠራተኛም ልባቸው በአንድ ወር ስድስት እጥፍ መድከሙን ነግሮን፣ ለተጨማሪ ስድስት ወር ክትትል እንድንመዘገብ አሳሰበን። እናቴ ያን ሌሊት ዓይናቸውን ሳይከድኑ አደሩ።

በኋላ ያየቻቸው የልብ ሐኪም ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ቁጥሮቹን ትታ የምርመራዎቹን ስም አስነበበችኝ። አንደኛው ቢኤንፒ፣ ሁለተኛው ኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ ነው። ሁለቱም የልብ ጡንቻ በጫና ሲለጠጥ ከሚያመነጨው አንድ ንጥረ ነገር ተከፍለው የሚወጡ ቢሆኑም፣ ኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ፣ በዚያው ሰው ደም ውስጥ እንኳ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ የአንዱን ውጤት ከሌላው ጋር አነጻጽሮ «ተባባሰ» ማለት በኪሎና በፓውንድ የተመዘነን ሰው ወፈረ እንደማለት ነው።

ከ100 በታች የሚባለው መለኪያም በድንገት ትንፋሽ አጥሮት ድንገተኛ ክፍል ለገባ ሕመምተኛ የሚሠራ የቢኤንፒ መጠን ነው (ለኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ 300 ነው)። ቀስ በቀስ ለመጣ ሕመም የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ለቢኤንፒ 35፣ ለኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ 125 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ይጠቀማል። የእናቴ ሁለቱም ውጤቶች ከዚህ በላይ ስለነበሩ፣ «ጤነኛ ናቸው» ተብለን በተሸኘንበት ቀን ወደ ሐኪምና ወደ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) መላክ ነበረብን።

ምርመራው በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ ሲገኝ የልብ ድካም አለመኖሩን ለመገመት በእጅጉ ይረዳል። ከፍ ማለቱ ግን ከዕድሜ፣ ከኩላሊት ድካም ወይም ከልብ ምት መዛባት ሊመጣ ይችላል፤ በጣም ወፍራም በሆነ ሰው ደግሞ የልብ ድካም እያለም ዝቅ ሊል ይችላል። የእናቴ ኢኮ ልባቸው ደም በደንብ እንደሚረጭ አሳየ፤ የተገኘባቸው የደም ማነስና የኩላሊት መዳከም ነው።

የምትመረመሩ ሁሉ ምርመራውን ሐኪም ይዘዘው፣ የአንድ ጊዜውን ብቻ ክፈሉ፤ ከተደገመም ያው ምርመራ መሆኑን ከወረቀቱ አረጋግጡ። እኛ ያልተጠቀምንበት የሦስተኛው ጊዜ ክፍያ እንዲመለስልን በደብዳቤ ብንጠይቅ፣ ያገኘነው መልስ «ለሌላ የቤተሰብ አባል ይጠቀሙበት» የሚል ነው።