አይማኬን አልፈታም ላለኝ ባለሙያ ምስጋና

መገናኛ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። ዛሬ እሱን ላመሰግን ነው፤ ብዙ ብር ሊያገኝብኝ ሲችል 500 ብር ተቀብሎ ሸኝቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ የሚሠራበትን አይማክ ትቶልኝ ሄደ፤ ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ አካል የሆነ የአፕል ኮምፒውተር ነው፤ 27 ኢንች፣ በፈረንጆቹ 2015 መጨረሻ የወጣ፣ ባለ 5ኬ (በጣም ጥራት ያለው) ስክሪን። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምውለው ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ነው፣ ፒችትሪው ደግሞ 14 ኢንች በሆነች የዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ። ዓይኔ አልቋል። ያን የሚያህል ስክሪን ጠረጴዛዬ ላይ ተገትሮ እያየሁ ላፕቶፑን ሰክቼ እንደ ሞኒተር ልጠቀምበት ፈለግኩ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ (የትነቱ ይቅር) «በደንብ ይሠራል» ብሎ ገመድና ኮንቨርተር ሸጠልኝ። ሰካሁት፣ ምንም የለም። ወንድሜ በስልክ «ኮማንድና ኤፍ 2ን አንድ ላይ ተጫኚ» አለኝ፤ ጣቴ እስኪደነዝዝ ተጫንኩ። ልመልስ ስሄድ ባለሱቁ ቃል ሳይተነፍስ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት በአገጩ አሳየኝ።

የመገናኛው ልጅ ፎጣ አንጥፎ አይማኩን በፊቱ ደፋው። ከኋላው የመብረቅ ምልክት ያለባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች በመፍቻው ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ፣ «እህቴ፣ ይሄን እንደ ቧንቧ እዪው፤ ምስል ይወጣበታል እንጂ አይገባበትም» አለኝ። ወንድሜም አልዋሸም ለካ። ከ2009 መጨረሻ እስከ 2013 መጨረሻ የወጡት ባለ 27 ኢንች አይማኮች በተስማሚ ገመድ ለሌላ ኮምፒውተር ሞኒተር ይሆኑ ነበር። 5ኬው ሲመጣ ግን ያ ቀረ፤ 5120 በ2880 የሆነን ምስል የዚያ ዘመን አንድ ገመድ በወጉ አይሸከመውም። ሁሉም ኦል-ኢን-ዋን (ስክሪንና ኮምፒውተር በአንድ የሆነ) እንዲህ እንዳይመስለኝ ደግሞ መደርደሪያው ላይ የነበረ የሌላ ድርጅት ምርት አዙሮ አሳየኝ፤ ሁለት ኤችዲኤምአይ አለው፣ አንደኛው ሥር በደቃቅ ፊደል «ኢን» (መግቢያ) ይላል። ገዢ ማየት ያለበት ይቺን ነው አለኝ።

«ሞኒተር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልሽ፣ ሆዱን አውጥቼ ከላፕቶፑ ምስል ተቀብሎ ለስክሪኑ የሚሰጥ ቦርድ እገጥምልሻለሁ። ግን ኮምፒውተሩ ያኔ ሞተ ማለት ነው። መስታወቱም የተያዘው በማጣበቂያ ስለሆነ ሲነቀል የመሰንጠቅ አደጋ አለው። እኔ ብሆን አልፈታውም።» የቦርዱን ዋጋ ስሰማ ደነገጥኩ። እሺ ብለው ኖሮ ገቢው የሱ ነበር።

ቀጥሎ «ላፕቶፕሽ ዊንዶውስ ፕሮ ነው ሆም?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ! ከፍቶ አየው፣ ፕሮ ነው። ሆም ቢሆን ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ በዚህ መንገድ መክፈት አይቻልም ነበር። ሁለቱን በአንድ የኔትወርክ ገመድ አገናኘና አይማኩ ላይ የማይክሮሶፍትን ሪሞት ዴስክቶፕ ጫነ፤ የላፕቶፑን ስክሪን በኔትወርክ አይማኩ ላይ አሳይቶ ከዚያው የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፑ ሲከደን እንዳይተኛም አስተካከለው። ፒችትሪ ሙሉ ስክሪኑን ሞልቶ ወጣ! መጀመሪያ ፊደሉ ጉንዳን አክሎ ነበር፤ መጠኑን ወደ 2560 በ1440 ሲያወርደው፣ ማለትም በቁመትም በወርድም ልክ ግማሽ ሲያደርገው፣ መነጽሬን አወለቅኩ።

ጉድለቱንም አልደበቀኝም። ቪዲዮ ይንቀረፈፋል። የላፕቶፑ የራሱ ስክሪን ይቆለፋል፣ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት አይቻልም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አይማኩ ባትሪ ስለሌለው ድርግም ይላል። ባለፈው ማክሰኞ የደመወዝ ሂሳብ እያስገባሁ ሄደ። ልቤ ቀጥ አለች። ላፕቶፑን ከፍቼ የይለፍ ቃሌን ሳስገባ ግን ፒችትሪ እንዳለ ነው፤ ያቋረጥኩት መስመር ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል። ሥራው የሚካሄደው ባለ ባትሪው ላፕቶፕ ላይ ነዋ!

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ አስፈቅጄዋለሁ። እሁድ ዝግ ነው። ከሰዓት ወረፋ ስላለው ጠዋት ሂዱ፤ አይማኩን ብቻ ሳይሆን ላፕቶፑንም ከነቻርጀሩ ይዛችሁ። እኔ ቻርጀር ረስቼ ሁለቴ ተመላልሻለሁ።