ከቤሎ ሆሪዞንቴ እስከ በርን

ከሁለት የእግር ኳስ ፊልሞች የትኛው ይሻላል? ሁለቱም ማንም ያልጠበቀውን እውነተኛ የዓለም ዋንጫ ድል ይተርካሉ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። «የሕይወታቸው ጨዋታ» (2005) አሜሪካ በ1950 በብራዚሏ ከተማ ቤሎ ሆሪዞንቴ እንግሊዝን 1ለ0 የረታችበት ነው። ግብ ጠባቂው ቦርጊ አስከሬን የሚያጓጉዝ መኪና ይነዳ፣ ጎሏን በግንባሩ ያስቆጠረው ጌትጀንስ ሳህን ያጥብ ነበር። እንዴት ያለ ታሪክ ነው!

«የበርን ተአምር» (2003) ደግሞ ምዕራብ ጀርመንን ያሳየናል፦ በ1954 በምድብ ጨዋታ በሃንጋሪ 8ለ3 ተረትታ፣ በስዊዘርላንዷ ከተማ በርን በተደረገው ፍጻሜ ግን ያችኑ ሃንጋሪን ከ2ለ0 መመራት ተነሥታ 3ለ2 አሸነፈች።

ውጤቱን አስቀድመን ስለምናውቅ ልባችንን የሚሰቅለው ሌላ ነገር መሆን አለበት። እኔ የበርኑን እመርጣለሁ፤ ከሶቪየት ምርኮ የተመለሰው አባት ኳስ ከሚወደው ልጁ ጋር እንደገና ሲተዋወቅ ማየት ከጎሎቹ ሁሉ በላይ አንጀት ይበላል።