«ዘ ሲንግልስ 1969–1973»፦ የካርፔንተርስ አራት ዓመታት በአንድ ሸክላ

የአሜሪካ የወንድምና እህት የሙዚቃ ቡድን የሆነውን ካርፔንተርስን ለማወቅ ከየትኛው አልበም ልጀምር ለሚል አድማጭ ገበያው የሚያቀርበው ምርጫ ከልክ ያለፈ ነው፤ የሃያ ዘፈን ስብስብ፣ የአርባ ዘፈን ስብስብ፣ በሣጥን የታሸገ ባለ ብዙ ሲዲ ስብስብ ሁሉ አለ። ከእነዚህ መካከል ኤ ኤንድ ኤም የተባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ በኖቬምበር 1973 ያወጣውን «ዘ ሲንግልስ 1969–1973» የሚስተካከል ግን አላገኘሁም (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሥራ ሁለት ዘፈኖች ብቻ የያዘ፣ በቡናማ ሽፋኑ ላይ የቡድኑ ስም በወርቅማ ቀለም ከመጻፉ በቀር የዘፋኞቹ ፎቶግራፍ የሌለበት ሥራ ነው። ቀደም ባሉት ሽፋኖች ወንድምና እህቱን እንደ ፍቅረኛሞች አቀራርበው ያስቀመጧቸውን ፎቶግራፎች ላየ ሰው ይህ ብቻውን እፎይታ ነው።

ሪቻርድ ካርፔንተር በ1946፣ እህቱ ካረን ደግሞ በ1950 በኮነቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ ተወለዱ፤ ቤተሰቡ በ1963 ወደ ካሊፎርኒያ ተዛውሮ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ በምትገኘው በዳውኒ ከተማ ኑሮውን መሠረተ። ሪቻርድ ከልጅነቱ ጀምሮ ፒያኖ ሲጫወት ያደገ ሲሆን፣ ካረን ከበሮን የተዋወቀችው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ የማርሽ ባንድ ውስጥ ነው። በ1966 ቤዝና ቱባ ከሚጫወት አንድ ጓደኛቸው ጋር ሆነው በሆሊውድ ቦውል በተካሄደ የባንዶች ውድድር አሸነፉ፤ ከዚያ በኋላ ግን የተወሰኑ ዓመታትን በየአሳታሚው ደጅ ሲጠኑ አሳለፉ። በመጨረሻ ከኤ ኤንድ ኤም መሥራቾች አንዱ የሆነው ሄርብ አልፐርት በኤፕሪል 1969 ሲያስፈርማቸው ካረን ገና 19 ዓመቷ ስለነበር ወላጆቿም ውሉ ላይ መፈረም ነበረባቸው። የመጀመሪያው አልበማቸው ብዙም ገዢ አላገኘም። ይሁን እንጂ በርት ባካራክና ሃል ዴቪድ የጻፉት «ክሎዝ ቱ ዩ» በ1970 የበጋ ወራት በአሜሪካ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ ላይ ለአራት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ሲቆይ ወንድምየው 23፣ እህቱ 20 ዓመታቸው ነበር፤ በማግስቱ ዓመትም የአዲስ አርቲስት ሽልማትን ጨምሮ ሁለት ግራሚ ወሰዱ። የዚህ ስብስብ ሥራዎች እንግዲህ የተሠሩት በዚህ የዕድሜ ክልል መሆኑን ማስታወሱ ይጠቅማል፤ ስብስቡ ለገበያ ሲቀርብ ሪቻርድ 27፣ ካረን ደግሞ 23 ዓመት ብቻ ሞልቷቸው ነበርና።

ይህን ሸክላ ከሌሎቹ የሚለየው የዘፈኖቹ አደራደር ነው። ሪቻርድ ዘፈኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ከመደርደር ይልቅ አንድ ወጥ ሥራ እንዲመስሉ አድርጎ ሰፍቷቸዋል፤ አልበሙ በ«ክሎዝ ቱ ዩ» ቁራጭ መግቢያ ተከፍቶ ወዲያው ወደ «ዊቭ ኦንሊ ጀስት ቢገን» ያልፍና፣ ሙሉው «ክሎዝ ቱ ዩ» የሚሰማው ሁለተኛው ገጽ ሲያበቃ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ «ሱፐርስታር»፣ «ሬይኒ ዴይስ ኤንድ መንዴይስ» እና «ጉድባይ ቱ ላቭ» በኦርኬስትራ ድልድይ ተያይዘው ያለ ክፍተት ይከታተላሉ፤ እነዚህ ሦስት ዘፈኖች በዚህ አኳኋን መቅረባቸው ብቻውን ሸክላውን ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ ሪቻርድ ያረጁትን ቅጂዎች እንዳሉ አልለቀቃቸውም። ከመጀመሪያው አልበም የተወሰደው የቢትልስ ዘፈን «ቲኬት ቱ ራይድ» በ1969 በአንዲት ልጃገረድ ድምፅ የተዘፈነ ሲሆን፣ እዚህ ላይ የምንሰማው ግን ከአራት ዓመት በኋላ የበሰለችው ካረን ደግማ የዘፈነችውን ነው፤ «ቶፕ ኦቭ ዘ ዎርልድ»ም በፊት የተቀረጸው ስላላረካት እንደ አዲስ ዘፍናዋለች።

ስለ ድምፁ ብዙ ተብሏል፤ የሚባለውም ትክክል ነው። የካረን ኃይል ያለው ከላይኛው ሳይሆን ከታችኛው የድምፅ ክልል ነው፤ አብዛኞቹ የዘመኑ ሴት ዘፋኞች ስሜትን በጩኸት ሲገልጹ እርሷ ወደ ታች ወርዳ፣ ማይክራፎኑን ተጠግታ፣ ለአንድ ሰው ብቻ እንደምትናገር ሆና ትዘፍናለች። «ሱፐርስታር» ላይ የሚሰማው ድምፅ ለመለማመጃ ያህል፣ ሪቻርድ ግጥሙን በወረቀት ናፕኪን ላይ ጽፎ ሰጥቷት እያነበበች የዘፈነችው የመጀመሪያው ሙከራ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ማግኘት እንደማይቻል ስለታመነ እርሱው ቀረ። ሊዮን ረስልና ቦኒ ብራምሌት የጻፉት ይህ ዘፈን አንዲት ሴት ትቷት ለሄደ ሙዚቀኛ ያላትን ናፍቆት የሚናገር ሲሆን፣ ሪቻርድ ለሬዲዮ ያስቸግራል ብሎ ያሰበውን አንድ ግልጽ የመኝታ ቃል ለስልሶ እንዲወጣ አድርጓል። ለውጡ ዘፈኑን አልጎዳውም፤ በእኔ ግምት እንዲያውም ብቸኝነቱን አጉልቶታል።

የኋላ ተቀባዮች የሚመስሉት ድምፆች ሁሉ የሁለቱ ብቻ መሆናቸውን ብዙ አድማጭ አያውቅም። ወንድምና እህት በስቱዲዮ ውስጥ እያንዳንዱን የዜማ መስመር ሁለትና ሦስት ጊዜ እየደጋገሙ፣ ድምፅን በድምፅ ላይ እየደረቡ ይቀርጹ ስለነበር ውጤቱ እንደ ትልቅ መዘምራን ይሰማል፤ ዘመዳሞች በመሆናቸው ደግሞ አነጋገራቸውና እስትንፋሳቸው ስለሚገጥም ስፌቱ አይታይም። «ኸርቲንግ ኢች አዘር»ን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ሰው አዝማቹ ሲገባ ድምፁ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ግራና ቀኝ ሲሰፋ በግልጽ ያስተውላል። የዚህ ሁሉ መሐንዲስ ሪቻርድ ነው፤ የእርሱ ድርሻ በእህቱ ድምፅ ጥላ ሥር ተሸፍኖ መቅረቱ ዛሬም ድረስ ያልተስተካከለ ፍርድ ይመስለኛል። ፖል ዊልያምስና ሮጀር ኒኮልስ ለአንድ የካሊፎርኒያ ባንክ ማስታወቂያ የሠሩትን አጭር ዜማ በቴሌቪዥን ሰምቶ «ይህ ሙሉ ዘፈን ሊሆን ይችላል» ብሎ የጠረጠረው እርሱ ነው፤ «ዊቭ ኦንሊ ጀስት ቢገን» የተወለደው እንዲህ ነው።

የአልበሙ ጫፍ ግን ሪቻርድ ከጆን ቤቲስ ጋር የጻፈው «ጉድባይ ቱ ላቭ» ነው። የዜማው መስመሮች በጣም ረጃጅም ከመሆናቸው የተነሣ ለእስትንፋስ የተተወው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው፤ ካረን ግን አንዱንም ሳትቆርጥ ታልፋለች። ከዚያ ማንም ባልጠበቀበት ቦታ የቶኒ ፔሉሶ ሻካራ የኤሌክትሪክ ጊታር ይገባል፣ መጨረሻ ላይም ተመልሶ መጥቶ ዘፈኑን ይዞት ይሄዳል። በ1972 እንዲህ ያለ የሮክ ጊታር በለስላሳ የፍቅር ዘፈን ውስጥ መስማት ያልተለመደ በመሆኑ አንዳንድ አድናቂዎች የቁጣ ደብዳቤ ጽፈዋል። ዛሬ ስንሰማው ከአልበሙ ሁሉ ያላረጀው እርሱ ነው።

ሁሉም እኩል ነው ማለት አይደለም። ጆ ራፖሶ ለሕፃናት የቴሌቪዥን ፕሮግራም የጻፈውና በልጆች ኅብረ ድምፅ የታጀበው «ሲንግ» ለሁለተኛው ገጽ የማይመጥን ጣፋጭነት አለው፤ እኔ ዘልዬው ማለፍ ከጀመርሁ ቆይቻለሁ። «ኢትስ ጎይንግ ቱ ቴክ ሰም ታይም» ደህና ዘፈን ቢሆንም ከጎረቤቶቹ ጋር ሲተያይ ይቀጥናል። በአንጻሩ «የስተርዴይ ዋንስ ሞር» ስለ ድሮ የሬዲዮ ዘፈኖች የሚያወራ ትዝታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመሰማቱ የተነሣ የሠለቸን ቢመስለንም፣ እዚህ ቦታው ላይ ሲገኝ አሠራሩ እንደገና ያስደንቃል።

ሸክላው የማይናገረውም አለ። ካረን ራሷን የምትቆጥረው ከሁሉ በፊት ከበሮ መቺ አድርጋ ነበር፤ ይሁንና በታዋቂዎቹ ቅጂዎች በአብዛኛው የተመታው የስቱዲዮ ከበሮ መቺው የሃል ብሌን ከበሮ ነው፤ በመድረክም ላይ ተመልካች ዘፋኟን ፊት ለፊት ማየት አለበት እየተባለ ቀስ በቀስ ከመሣሪያዋ ኋላ ወጥታ ብቻዋን እንድትቆም ተደርጋለች። በሜይ 1973 በዋይት ሐውስ ሲጫወቱ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የአሜሪካ ወጣት ምርጥ ምሳሌ አድርገው አቀረቧቸው፤ ይህ ዓይነቱ የጨዋ ልጆች ስም የሮክ ተቺዎች ለረጅም ጊዜ እንዲንቋቸው አንዱ ምክንያት ሆኗል። አልበሙ በጃንዋሪ 1974 በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ላይ ሲወጣ፣ በብሪታንያም በዚያው ዓመት ለብዙ ሳምንታት በሰንጠረዡ አናት ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ አንድ ነጠላ ዜማ ብቻ አንደኛ ሆኖላቸዋል። ሪቻርድ በ1979 መጀመሪያ ላይ ለእንቅልፍ መድኃኒት ሱስ ሕክምና ሆስፒታል ገባ፤ ካረን በበኩሏ ብቻዋን የሠራችው አልበም ሳይወጣ ተቀምጦ የታተመው በ1996፣ ማለትም እርሷ ከሞተች ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1983 በ32 ዓመቷ ያረፈችው አኖሬክሲያ የተባለው የአመጋገብ ሕመም ባስከተለው የልብ ድካም ነበር። ይህን እያወቁ አሳዛኞቹን ዘፈኖች እንደ ኑዛዜ መስማት ይቀናል፤ ነገር ግን እነዚህ ቅጂዎች የተሠሩት ሕመሙ ከመጽናቱ በፊት፣ ሥራዋን ጠንቅቃ በምታውቅ ባለሙያ ነው፤ እንዲያ አድርጎ መስማቱ ለሙያዋ የሚገባውን ክብር መንፈግ ይሆናል።

ለገዢ የምሰጠው ምክር ስለ ቅጂው ነው። ሪቻርድ በኋለኞቹ ዓመታት ብዙዎቹን ዘፈኖች እንደገና ሚክስ አድርጓል፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች እንደ አዲስ አዋሕዷል፤ ፒያኖውን በአዲስ የተካበት፣ የገደል ማሚቶ የጨመረበትም አለ። በዚህም ምክንያት ስሙ የሚመሳሰል ስብስብ ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ የለውም። እኔ ራሴ ከአንድ የመስመር ላይ ሻጭ «ዋናው ቅጂ» ተብሎ የተሸጠልኝ ሲዲ ሲደርሰኝ ከኋለኞቹ ሚክሶች የተውጣጣ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የዘፈኖቹን ዝርዝር ተመልከቱ፤ አሥራ ሁለት ካልሆኑ፣ በ«ዊቭ ኦንሊ ጀስት ቢገን» ጀምረው በ«ክሎዝ ቱ ዩ» ካልጨረሱ፣ የያዛችሁት ሌላ ስብስብ ነው። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ግን የ1970ዎቹን እትም ቢፈልግ ይሻለዋል፤ በጊዜው በብዛት ስለታተመ በአሮጌ ሸክላ ቤቶች ማግኘቱ አይከብድም፣ ቡናማው ሽፋን ጠርዙ ላይ ቶሎ የሚላጥ ቢሆንም ውስጡ ንጹሕ ከሆነ ዋጋውን ያወጣል።