የልጄን የሌሊት ጫማ ለሰፉልኝ አባት ምስጋና

ይህን የምጽፈው በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ላላችሁ ወላጆች ነው፤ በተለይ ቆልማማ እግር ያለው ልጅ ለምታሳድጉ። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በሰማያዊ ሸራ ጥላ ስር የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ አሉ። እንደ እኔ ሳትንከራተቱ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ሂዱ።

ልጄ በ2015 ዓ.ም. ሲወለድ ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ዞረው ውስጥ እግሮቹ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። አንድ ቦታ «ሲያድግ ይቃናል» ብለው መለሱን። ሌላ ቦታ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያሹ አስለቀሱት። ሌላው ራጅ አስነስቶ፣ ቅባት ሸጦ፣ ያለ ደረሰኝ ሸኘን። ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት ሴት «እርጉዝ ሆነሽ ግርዶሽ አይተሽ ይሆናል» ስትለኝ ያለቀስኩትን ለቅሶ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የማንንም ስም አልጠራም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቁታል።

ያዳነችን፣ ክትባት ልትሰጥ የመጣችው የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ናት። እግሮቹን ገልጣ አይታ «ይህ ይታከማል፤ ነገ ዛሬ ሳትዪ አዲስ አበባ ውሰጂው» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ 130 ኪሎ ሜትር እየተመላለስን ስድስት ጊዜ ጄሶ ተቀየረለት። በየጊዜው እግሩን ትንሽ ትንሽ እያዞሩ ነው የሚያቃኑት፤ እንዴት እንደሆነ አስረድተውኛል፣ ግማሹንም አልያዝኩትም። በመጨረሻ ተረከዙ ላይ ያለውን ጅማት ትንሽ ነክተው ሌላ ጄሶ አደረጉለት። የእኛ አገር ብርድ እንደምታውቁት ነው፤ እርጥብ ጄሶ አያደርቅም። ሌሊቱን ሙሉ በጋቢዬ ውስጥ አቅፌው አድር ነበር።

የትራንስፖርቱ ገንዘብ ሲያልቅብን የሰፈራችን ሴቶች እድር የሁለት ጉዞ ሸፈነልን። እድር ለቀብር ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ እኔን ይጠይቀኝ።

ጄሶው ካበቃ በኋላ በብረት የተያያዙ ሁለት ትንንሽ ጫማዎች ተሰጡን። ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት ይደረጋሉ። ከተተወ እግሩ ተመልሶ ይታጠፋል ብለው አስጠንቅቀውኛል። ያን ማስጠንቀቂያ ሌት ተቀን ስሸከም ቆይቼ፣ ባለፈው ኅዳር አንድ ሌሊት የግራው ጫማ ጠፍር ቦጭ ብሎ ተበጠሰ።

በማግስቱ ከተማውን ዞርኩት። አንዱ «ይህ አይሰፋም፣ አዲስ ግዢ» አለኝ፤ ከየት እንደምገዛ ግን አልነገረኝም። ሁለተኛው በማስቲሽ ለጥፎ ሰማንያ ብር ተቀበለኝና ሌሊቱን ተላቀቀ። ሦስተኛው ብረቱን አንጠልጥሎ ለጓደኞቹ እያሳየ «ልጁን ሌባ ብላችሁ ነው የምታስሩት?» ብሎ ሳቀ። እኔ ምንም ሳልመልስለት ጫማውን ነጥቄ ወጣሁ።

እኚህ አባት ግን ጫማውን ከእጄ አልተቀበሉም። «ልጁ የታለ?» አሉኝ። ከጀርባዬ አውርጄ ሳስቀምጠው ካልሲውን ራሳቸው አወለቁ፤ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አሹ፣ እንዳይበርደው። ተረከዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉትና እኔ ሳላየው የቆየሁትን ቀይ ምልክት አሳዩኝ። «ጠፍሩ የተበጠሰው እግሩ ወደ ላይ ስለሚሸሽ ነው፤ ተረከዙ ታች አልደረሰም» አሉኝ። ከዚያ ወስፌያቸውን አነሱ። በሰም በታሸ ክር ድርብ አድርገው ሰፉት፣ ከጠፍሩ ስርም ለስላሳ የበግ ቆዳ አነጠፉለት። ልጁ በዚያ ሁሉ ጊዜ የክሩን ጫፍ ይዞ ይጫወት ነበር።

እኔ ሞኟ «ብረቱንም ትንሽ ቢያጠብቡልኝ» ብላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይህንን አልነካም፤ ሐኪሙ የለካው ነው። እሱን ለእነሱ አሳዪ» አሉኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ሥራው የት እንደሚያበቃ የሚያውቅ ሰው ያገኘሁት ያኔ ነው። በቀጠሮዬ ቀን ተረከዙን ያየችው ባለሙያም የበጉን ቆዳ እየዳሰሰች «ማን ነው ያነጠፈው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስንት ልክፈል ስላቸው የቆዳውን ሃምሳ ብር ብቻ ወሰዱ። ለምን እንዲህ እንደተጨነቁ ስጠይቃቸው ዝም ብለው ቆዩና ታላቅ እህታቸው በዚሁ እግር ተወልዳ፣ ሕይወቷን ሙሉ በእግሯ ጎን እንደተራመደች ነገሩኝ። ለእሷ ጫማ መስፋት የጀመሩት በልጅነታቸው ነው፤ ሙያውን የለመዱትም በእሷ እግር ነው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጠፍሩ ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድም ቀን አልላላም፣ ልጄም አሁን ግቢ ውስጥ ዶሮ እያባረረ ያስቸግረኛል።

እናቶች፣ ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸው ዘንድ ሂዱ። እሑድና በወር በወር ሚካኤል ዕለት አይቀመጡም። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ሂዱ፣ ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ጫማውን ብቻ ይዛችሁ ብትቀርቡ ይመልሷችኋል።