አሮጌው ትራክተርና አዲሱ፦ ከ14 ወር በኋላ

ሁለት ትራክተር አለኝ። አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠራ ባለ 3 ሲሊንደር አሮጌ ነው፤ ያሉት ሽቦዎች በጣት ይቆጠራሉ። ሌላው ካቢን ያለው፣ በኮምፒውተር የሚመራ አዲስ። የሁለቱንም የብልሽት ቀን 14 ወር ሙሉ በደብተር ስመዘግብ ቆየሁ። የአምራቾቹን ስም አልጠራም።

«የድሮ ዕቃ አይበላሽም» የሚሉትን ደብተሬ አይደግፋቸውም። አሮጌው 11 ጊዜ ቆሟል፣ አዲሱ 2 ጊዜ ብቻ። በቀን ሲቆጠር ግን አሮጌው 3 ቀን ሥራ አስፈታኝ፣ አዲሱ 17።

ከ11ዱ 6ቱ አንድ ዓይነት ናቸው፦ የናፍጣው መስመር አየር ይስባል፣ ሞተሩ ያንገራግርና ይጠፋል። ኮፈኑን ከፍቼ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ብሎን ላላ አደርጋታለሁ። የእጅ ፓምፑን ስገፋ መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲፈስ መልሼ አጠብቃታለሁ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አየሩን የምታስገባው ያረጀች የመዳብ ሮንዴላ (ብሎን ሥር የምትገባ ቀለበት) መሆኗን ያወቅሁት ግን በስድስተኛው ነው፤ ስንፍናዬን ለትራክተሩ ማላከክ አልችልም። ትልቁ ሥራ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው) ሲያልቅ ነበር፤ ትራክተሩን ለሁለት ከፍለን 2 ቀን ፈጀብን።

አዲሱ ላይ አንድ ጠዋት ቢጫ መብራት በራና ጉልበቱ ወረደ። ዘይት አየሁ፣ ፊልትሮ አየሁ፣ ከዚያ በላይ የምነካው አልነበረም። ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ ባለሙያ እስኪመጣ 12 ቀን ቆመ። ሰውየው ላፕቶፑን ሰክቶ አየና ጎንበስ ብሎ አንድ ሽቦ መዘዘ፤ አይጥ በልታዋለች። ጥገናው 20 ደቂቃ አልሞላም።

ሁለተኛው 5 ቀን የወሰደው የኔ ጥፋት ነው፤ ውሃ ያለበት ናፍጣ ቀዳሁበት። የአሮጌው ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው አፍ) 200 ባር ገደማ ግፊት ላይ ይከፈታል፤ የአዲሱ ኮመን ሬይል (ሁሉንም ኖዝሎች ከአንድ የጋራ ቧንቧ የሚመግበው ሥርዓት) ከ1,600 ባር በላይ ነው የሚረጨው። በዚህ ግፊት የሚሠራ ዕቃ ጠብታ ውሃም አይምርም። አሁን በርሜሉን ሳላነቃንቅ አሳድራለሁ፣ ከሥሩም አልቀዳም።

የአዲሱ ጭስ ማጣሪያ ደግሞ አጫጭር ሥራ አይወድም። ጥላሸቱን የሚያቃጥለው ጭሱ በደንብ ሲግል ስለሆነ፣ ለአሥር ደቂቃ ጉዳይ የማስነሳው አሮጌውን ነው።

ቀኑን ሙሉ ለማረስ ግን አዲሱን የሚያህል የለም። ተዳፋት ላይ አሮጌውን አልወስደውም፤ ቢገለበጥ ነጂውን የሚያድን ብረት የለውም፣ ይህ ደግሞ በሮንዴላ አይጠገንም።

አሮጌውን ልሸጠው ገዢ አግኝቼለት ነበር። ከአይጧ በኋላ ይቅር አልኩት።