ሳይዲንጉ (የቤቱ የውጭ ልባስ) በሰበሰ? ከመገንጠላችሁ በፊት ሂሳቤን እዩት

ካለፈው ክረምት ወዲህ አራት ሰው ደውሎልኛል፤ አንዱ ከኬንት፣ ሁለቱ ከሬንተን፣ አንዷ ከቡሪየን። ጥያቄው ያው ነው፦ «የቤቴ የውጭ እንጨት ከታች መበስበስ ጀምሯል፤ ልጠግነው፣ ልቀይረው ወይስ በፕላስቲክ ላስሸፍነው?» ቤቶቹም ያው ናቸው፤ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተሠሩ፣ ቲ ዋን ኢለቨን የሚሉትን ከላይ ወደ ታች ቦይ ቦይ የወጣለትን ኮምፔንሳቶ የለበሱ። ሲያትል አካባቢ በእኛ አቅም የሚገዛ ቤት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አንዴ ጽፌው ልረፍ።

የኔን ፍርድ አስቀድሜ ልናገር፦ የበሰበሰውን ብቻ አንሱና በእውነተኛ ኮምፔንሳቶ ተኩ፤ ቀለሙን ራሳችሁ ቀቡ።

የኔ ቤት ፎቅ የለውም፣ ምድር ቤት ብቻ ነው፤ የውጭ ግድግዳው በሙሉ ሲለካ 1,000 ካሬ ጫማ ቢሆን ነው። ሁሉንም ገንጥሎ ሰዉ በጅምላ «ሃርዲ» የሚለውን የሲሚንቶ ሰሌዳ ለማልበስ ሦስት ሰው አስገመትኩ፤ 26,000፣ 22,500 እና 16,400 ዶላር። ቪኒል የሚባለውን ፕላስቲክ በነበረው ላይ ለመደረብ 11,800 አሉኝ። የተበላሸው ግን ዝናቡ የሚመታው የደቡቡ ግድግዳ ብቻ ነበር።

16,400 ባለው ሰው ልቤ ሊሸፍት ነበር። አናጢ ወዳጄ ወረቀቱን አይቶ «እንጨቱ ሲነሳ ግድግዳውን ምን ሊይዘው ነው?» አለኝ። ለካ በብዙ ቤት ከዚህ ኮምፔንሳቶ ሥር ሌላ ጣውላ የለም፤ ቀጥታ ቋሚው ላይ ተመትቶ ግድግዳው እንዳይዛነፍ አስሮ የያዘው እሱ ራሱ ነው። በ2001 መጠኑ 6.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ባየ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ሰውየው በምን እንደሚተካው አንዲት መስመር አልጻፈም። ርካሽ ዋጋ ስታዩ መጀመሪያ የጎደለውን ፈልጉ።

አሁን ወደ ራሴ ሞኝነት። «እኔው እሠራዋለሁ» ብዬ መደብር ሄድኩ። ሁለት ዓይነት ሰሌዳ ጎን ለጎን ተደርድሯል፤ ሁለቱም 4 በ 8 ጫማ፣ ሁለቱም ያው ቦይ ያላቸው። አንዱ 68 ዶላር፣ ሌላው 42። ለደቡቡ ግድግዳ 9 ያስፈልገኛል። 234 ዶላር ተረፈልኝ ብዬ ደስ እያለኝ ባለ 42ቱን ጫንኩ። በሁለተኛው ክረምት የታችኛው ጠርዝ ውሃ ውስጥ እንደወደቀ ደረቅ ዳቦ አበጠ። በጣቴ ስነካው ስብርባሪው እየተፈረፈረ መዳፌ ላይ ቀረ። ያ ሰሌዳ ኦኤስቢ ነው፤ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ፣ ፊቱ ላይ የእንጨት መልክ ታትሞበት። እውነቱን ለመናገር የቆረጥኩትን ጠርዝ ቀለም ሳልቀባ መምታቴ የኔም ጥፋት ነው። ግን ኮምፔንሳቶ እንዲህ ያለውን ስህተት ለተወሰኑ ዓመታት ይታገሳል፤ ይሄ አይታገስም። 378 የሰሌዳ፣ 800 ለረዳኝ ልጅ፤ 1,178 ዶላር ገደል ገባ። ስትገዙ ጠርዙን እዩ፤ እንደ እንጀራ የተነባበረ ስስ ንጣፍ ካለው ኮምፔንሳቶ ነው።

ሁለተኛው ዙር፦ 9 ኮምፔንሳቶ 612፣ ለቤቱ በሙሉ 10 ጋሎን አክሪሊክ ቀለም 580፣ ከቀለም በፊት የሚቀባው ፕራይመርና ላሜራ ከነሚስማሩ 240፣ ለልጁ ደግሞ 800። ድምር 2,232። በየስድስት ዓመቱ ቢቀባና እስከ 20 ዓመት ሦስት ጊዜ ብቀባው፣ ቀለሙ 1,740 ይጨምራል። 3,972 ዶላር። ከ16,400ው ጋር እናንተው አወዳድሩት።

ስለ ቪኒል ብዙ አልልም። አንድ ጓደኛዬ የበሰበሰው ላይ አስደረበና በሦስተኛ ዓመቱ ሲያስነሳው ጉንዳን ከተማ መሥርቶ አገኘ። የባርቤኪው ሙቀትም ያጣምመዋል፤ የጎረቤት መስኮት የሚያንጸባርቀው ፀሐይ እንኳ ያቀልጠዋል።

ከመወሰናችሁ በፊት ካቻቢቴ ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ። የታችኛውን ጠርዝ፣ የመስኮት ሥር፣ አሸንዳው የሚያፈስበትን ቦታ ውጉ። ካቻቢቴው ሳትገፉት ከገባ እንጨቱ አልቋል። የተበላው የታችኛው አንድ ጫማ ብቻ ከሆነ ሙሉ ሰሌዳ አትግዙ፤ በቀጥታ መስመር ቆርጣችሁ የዜድ ቅርጽ ያለው ላሜራ ከላይኛው ሥር አስገቡና ከታች ሰፊ ጣውላ ምቱ። ላሜራው ላይ ያለችውን ክፍተት በሲሊኮን እንዳትደፍኑ፤ ውሃው የሚወጣው በእሷ ነው። እኔ ለአበባዬ ብዬ ግድግዳው ላይ የከመርኩት አፈር ነው ግማሹን ጉድ ያመጣው፤ በእንጨቱና በመሬቱ መካከል ቢያንስ 6 ኢንች ይኑር። አዲሱን ሰሌዳ ከመምታታችሁ በፊት ፊቱንም፣ ጀርባውንም፣ አራቱንም ጠርዝ ፕራይመር ቀቡት።

ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙን ሳታስመረምሩ አትፋቁ። እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ ደግሞ ለልጆች መርዝ ነው። ሰው ካሠራችሁም ስሙን ኤል ኤንድ አይ በሚባለው የዋሽንግተን ግዛት የሥራና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ምዝገባው የጸና መሆኑን እዩ፤ በነጻ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የሲሚንቶው ሰሌዳ መጥፎ ነው አላልኩም። ሦስቱ ግድግዳ በስብሶ ካለቀና ብሩ ካላችሁ አስገቡት፤ አይበሰብስም፣ ጉንዳን አይበላውም። ራሴ እሠራዋለሁ ለሚል ግን አንዱ ሰሌዳ ከ70 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራም ሳንባ ይጎዳል።

በአንድ ነገር ግን የሲሚንቶው ሰሌዳ ይበልጠኛል፤ ግንደ ቆርቁር አይደፍረውም። የኔን ሰሜን ግድግዳ ዘንድሮ በመጋቢት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እየደበደበች ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ አበጅታለች። ቆርቆሮ መትቼባታለሁ፤ አሁን ከቆርቆሮው በላይ ጀምራለች።